በእጃችን የሠራነው የውሃና የአፈር መለኪያ
(የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ ያሰሙት ንግግር)



በዚህ በዓል ላይ፣ በቤተ ሙከራችን ስለ ሠራናቸው ሁለት መሣሪያዎች እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ደስታችን ታላቅ ነው። አንደኛው በውሃ ውስጥ የሟሟውን ጨው፣ ሁለተኛው የአፈርን እርጥበት ለማወቅ ያገለግላል።

ይህ ምን ይጠቅማል ቢሉ፣ የመስኖ ውሃ ጥቂት ጨው ይዞ ይመጣል፤ ውሃው በፀሐይ ሲተን ጨው በማሳው ላይ ይቀራል። ማሳው ከመጠን በላይ ሲጠጣም የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ እያለ ጨውን ወደ ላይ ያወጣዋል። በአዋሽ ሸለቆ በአሚባራ አካባቢ ሰፊ የመስኖ መሬት በዚህ ምክንያት ተጎድቷል። ጨው ነጭ ሆኖ በዓይን እስኪታይ መጠበቅ ደግሞ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ንጹሕ ውሃ ኮረንቲን እጅግ በጥቂቱ ያስተላልፋል፤ ጨው ሲገባበት ግን በደንብ ያስተላልፋል። ስለዚህ ሁለት የማይዝጉ ብሎኖችን በአንድ ሳንቲ ሜትር ርቀት በፕላስቲክ ክዳን ላይ አጥብቀን፣ አርዱዊኖ ከምትባል ትንሽ የኮምፒዩተር ሰሌዳ ጋር በሽቦ አገናኘናቸው። ኮረንቲው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ቢሄድ በብሎኖቹ ላይ የጋዝ አረፋ ይወጣል፤ ብረቱም ይበላል፤ ቁጥሩም ይዋዥቃል። ስለዚህ ሰሌዳዋ አቅጣጫውን ቶሎ ቶሎ እንድታቀያይር አደረግን።

ነገር ግን ቁጥር የሚያወጣ መሣሪያ ሁሉ እውነት ይናገራል ማለት አይደለም። ሚዛን ክብደቱ በታወቀ ነገር እንደሚፈተን፣ የእኛም መለኪያ ጨውነቱ በታወቀ ውሃ መፈተን አለበት። አንድ ግራም የገበታ ጨው በአንድ ሊትር የተጣራ ውሃ ሲሟሟ፣ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት 2000 ማይክሮሲመንስ በሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ መሣሪያችንን ያስተካከልነው በዚህ ነው። ሙቀት በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ንባቡ 2 ከመቶ ያህል ስለሚጨምር ቴርሞሜትር አይለየንም። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት መመሪያ እንደሚለው፣ ከ700 በታች የሆነ ውሃ በጨውነቱ ለመስኖ አያሰጋም፤ ከ3000 ካለፈ ግን ብርቱ ጥንቃቄ ይሻል።

ለአፈሩ ጀሶ መረጥን። ይህን ዘዴ በ1940 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት በአሜሪካ ቡዩኮስና ሚክ የተባሉ ሊቃውንት ናቸው። ጀሶውን በክብሪት ቀፎ አፍስሰን፣ ከመድረቁ በፊት ሁለት የብረት ዘንጎች ተከልንበት። በማሳው ሲቀበር ከአፈሩ ውሃ ይመጣል፤ አፈሩ ሲደርቅ እርሱም ይደርቅና ኮረንቲን ይከለክላል። ራቁቱን የተተከለ ብሎን ጨዋማውን አፈር እርጥብ አስመስሎ ያሳያል፤ ጀሶ ግን ራሱ በጥቂቱ ስለሚሟሟ ይህን ስሕተት ይቀንሰዋል። ለመፈተኛም አፈሩን መዝነን፣ በ105 ዲግሪ 24 ሰዓት አድርቀን እንደገና እንመዝናለን፤ የጎደለው ክብደት ውሃ ነው።

እንግዲህ አንደኛው መሣሪያ ምን ዓይነት ውሃ እንደምናጠጣ፣ ሁለተኛው መቼ እንደምናጠጣ ይነግረናል። ሁለቱ ሲተባበሩ መሬቱን ከጥማትም ከጨውም ይጠብቃሉ።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ከጉድጓዳችሁ ወይም ከወንዛችሁ አንድ ጠርሙስ ውሃ ብትልኩልን በደስታ እንለካለን። መሣሪያው የሚያየው ጨውን እንጂ የበሽታ ተሕዋስያንን ስላልሆነ፣ ለመጠጥ ይሆናል ብለን ግን አንመሰክርም። ታናናሾቻችን ሆይ፤ መሣሪያዎቹን ትተንላችሁ እንሄዳለን፤ ከመለካታችሁ በፊት መፈተንን አትርሱ።