በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ የእርባታ ከብትን ከተላላፊ በሽታ ስለ መጠበቅ



ድርቅ በገባበት አገር የእርዳታ ሠራተኛ በቅድሚያ የሚቆጥረው የተረጂውን ብዛትና የእህሉን ኩንታል ነው። ይህም ተገቢ ነው። ዳሩ ግን በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ የሚኖረው ገበሬ ዝናቡ በተመለሰ ጊዜ ራሱን ችሎ መቆም አለመቆሙ የሚወሰነው በበረቱ በቀሩት ከብቶች ነው። በዚያ አገር ላም ከወተቷ ይልቅ የምትፈለገው የነገውን በሬ ስለምትወልድ ነው፤ ጥጃ ተወልዶ ቀንበር እስኪሸከም ደግሞ ሦስትና አራት ዓመት ይፈጃል።

የመንጋ ማለቅ ምን እንደሚያስከትል በ1880 ዓ.ም. ገደማ የጀመረው ክፉ ቀን አሳይቷል። የደስታ በሽታ በምጽዋ በኩል ከባሕር ማዶ ከመጡ ከብቶች ጋር ገብቶ አገሩን አዳረሰ፤ ከዳልጋ ከብቱም ከአሥር ዘጠኙን ያህል እንደ ፈጀ ይገመታል። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለሕዝቡ አርአያ ለመሆን እንደ ሞከሩ ታሪክ ይመሰክራል። ዝናብም ጠፍቶ ነበር፤ ይሁንና ረሀቡን ያን ያህል ያከበደው የሚያርስ በሬ መታጣቱ ነው። ከብዙ ዓመት የክትባት ዘመቻ በኋላ ኢትዮጵያ በ2000 ዓ.ም. ከደስታ ነጻ መሆኗ ታወቀ፤ በ2003 ዓ.ም. በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። የቀሩት በሽታዎች ግን በዚህ ዓይነት የሚገላገሏቸው አይደሉም።

ድርቅ ለተላላፊ በሽታ መንገድ የሚከፍተው ከብቱን በማክሳት ብቻ አይደለም። ተለያይተው ይግጡ የነበሩ መንጋዎች በአንድ የውኃ ነጥብና በአንድ የግጦሽ መሬት ላይ ይገናኛሉ። የመንዝ ጓሳ ለዚህ ጥሩ አብነት ነው። ቄሮ በተባለው የአካባቢው ሥርዓት ሣሩ ለዓመታት ተከልሎ ይቆይና፣ ሲከፈት ወይም ችግር ሲጸና የብዙ ቀበሌ ከብት በአንድነት ይገባበት ነበር። ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም ሕዝቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ አቋቁሞታል። እንዲህ ያለ ግጦሽ ከመከፈቱ በፊት መንጋው ቢከተብ፣ ከተከፈተ በኋላ ከሚደረግ ሩጫ እጅግ ይበልጣል። አጥንቱ የገጠጠ ከብት ለክትባት የሚሰጠው ምላሽም ደካማ ነው።

ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚያሻው ግን የእርዳታ ድርጅቶች ራሳቸው ከሌላ አገር ገዝተው የሚያከፋፍሉት ጊደርና በሬ ነው። ደላላው የሚያየው ጥርሷንና ታፋዋን ነው፤ ሳንባዋን የሚያይላት የለም። የዳልጋ ከብት ሳንባ በሽታ የያዘው እንስሳ ምልክት ሳያሳይ ሳምንታት፣ አንዳንድ ጊዜም ወራት ይቆያል። ድኗል የተባለውም በሳንባው ውስጥ የታጠረ ቁስል ይዞ ሊኖር ይችላል፤ በመድኃኒት የታከመውም እንዲሁ ነው። ስለዚህ በገበያ ላይ ጤነኛ የመሰለች አንዲት ጊደር የአንድን መንደር መንጋ ልትጨርስ ትችላለች። የተገዛው ከብት ቢያንስ ለአንድ ወር ተለይቶ መቆየቱ አፍንና ሰኮናን የሚያቆስለውን አፍተግርን ለመለየት ይረዳል፤ ለሳንባ በሽታ ግን አንድ ወር አይበቃም። እዚህ ላይ ዋናው ዋስትና የትውልድ ሥፍራውን ማወቅ ነው፤ በሽታው ከታየበት ወረዳ፣ ዋጋው ምንም ቢረክስ፣ አለመግዛት ይገባል።

የተረከቡትን ኮርማ በጋራ የሚያዳቅሉ አባወራዎችም አሉ። ኮርማው ከበሽታ ነጻ መሆኑ ካልተመረመረ ከበረት በረት በሽታ ያዞራል። ላሞች በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ተከታትለው ካስወረዱ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ብሩሴሎሲስ ነው፤ ጭንጋፉንና የእንግዴ ልጁን በባዶ እጅ የሚያነሣው ሰው፣ ጥሬ ወተት የሚጠጣውም ቤተሰብ በሽታውን ይወስዳል። ውርጃውን ለውሻ መጣል የቆየ ልማድ ነው፤ መቅበር ይገባል።

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ምዕራብ ቆላ 600 ሺህ ያህል ሰዎች ሲሰፍሩ የተገኘው ትምህርትም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው። ቆላ ዝንብ ባለበት ሥፍራ ገንዲን የማያውቅ የደጋ በሬ ብዙ አይቆይም። ሰፋሪው በቀንበር ያርሳል ተብሎ ሲታቀድ የበሬው ዕድሜ አብሮ ሊታሰብ ይገባ ነበር።

አባ ሰንጋን በተመለከተ የሚነገረው አጭር ነው። በድንገት ሞቶ ቶሎ የተነፋ፣ ከአፍንጫውና ከፊንጢጣው የማይረጋ ደም የሚወርደው ከብት አይገፈፍም፣ አይታረድም፤ ባለበት ይቃጠላል ወይም በጥልቅ ይቀበራል። ረሀብተኛውን ሰው ሥጋውን ተው ማለት ቀላል እንዳልሆነ ይታወቃል፤ በመሆኑም ከብቱ ሲቀበር ለባለቤቱ ምትክ እህል ወዲያው ቢሰጥ ትእዛዙ ይከበራል። በሽታው የሚኖርበት ዘር በአፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያልና፣ የተቀበረበት ቦታ ታጥሮ ከግጦሽ ውጭ መሆን አለበት።

የቀረው የበጀት ጉዳይ ነው። በደብረ ዘይት የሚሠራው ክትባት በበረዶ ሣጥን ተጉዞ፣ ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ በኋላ በበቅሎና በእግር ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ሙቀቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሳያልፍ መድረስ አለበት። የበቅሎው ኪራይ፣ የበረዶው ሣጥንና የለይቶ ማቆያው ድርቆሽ በከብቱ መግዣ ሰነድ ላይ ከዋጋው ጎን መጻፍ ይኖርባቸዋል፤ ሳይጻፉ የቀሩ እንደ ሆነ ከብቱ በተገዛበት ቀን ማግስት ይከፋፈላል።