«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»፤ ስለ ልብስ ጉድለትና ስለ ገዢና ሻጭ መተማመን

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




በቦሌ ሚካኤል መንገድ ግራና ቀኝ በተደረደሩት የልብስ ሱቆች ውስጥ አባያውና ጀለቢያው፣ ሽርጡና ቀሚሱ፣ ሱሪውና ሸሚዙ ጎን ለጎን ተሰቅሎ ይታያል። አካባቢው ከሱማሌ ክልልና ከጎረቤት ሱማሊያ የመጡ ብዙ ቤተሰቦች የሚኖሩበትና የሚነግዱበት በመሆኑ፣ የገበያው ቋንቋ ከአንድ በላይ ነው። በአንድ ነገር ግን ከመርካቶም ሆነ ከፒያሳ ገበያ አይለይም። ይኸውም በብዙዎቹ ሱቆች ከገንዘብ መቀበያው በላይ ተለጥፎ የሚታየው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ማስታወቂያ ነው።

ይህ ጉዳይ ለመሐንዲሶች ጉባኤ አነስተኛ መስሎ ሊታይ ይችላል። ድልድይ፣ ግድብና ፋብሪካ በሚነሣበት መድረክ ላይ ስለ አንድ የተተረተረ ሱሪ መናገር ምን ይጠቅማል የሚል ጥያቄ ቢነሣ አያስደንቅም። ይሁን እንጂ አንድ ዕቃ በሥራ ላይ ሳለ ሲሰበር ጥፋቱ የሠሪው ነው ወይስ የተጠቃሚው ብሎ መመርመር የምሕንድስና የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። በሱቁ ደጃፍ የሚነሣው ክርክር ከዚህ ጥያቄ የተለየ አይደለም። ልዩነቱ፣ በዚያ ስፍራ መርማሪ አለመኖሩ ብቻ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቀላል። አንድ ወጣት የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ለእኅቱ ሠርግ ሱሪ ይገዛል እንበል። በሠርጉ ዕለት ለምሳ ዝቅ ብሎ ሲቀመጥ የሱሪው የኋላ ስፌት ከወገቡ ጀምሮ ይከፈታል። ወጣቱ በኮቱ ሸፍኖ እንደምንም ይውልና ሰኞ ጧት ሱሪውን በፌስታል ይዞ ወደ ሱቁ ይመለሳል።

«እትዬ፣ አንድ ቀን ብቻ ነው የለበስኩት፤ ይኸው ተተረተረ» ይላል።

«ልጄ፣ ጨፍረህበት ስታበቃ ነው ለእኔ የምታመጣው? ማስታወቂያውንስ አላየኸውም?» ይላሉ ባለሱቋ።

በዚህ ላይ ድምፅ ይነሣል፤ መንገደኛ ይሰበሰባል፤ ግማሹ ለወጣቱ፣ ግማሹ ለባለሱቋ ይፈርዳል። በመጨረሻም ወጣቱ ሱሪውን እንደያዘ ይሄዳል፤ ወደዚያ ሱቅ ግን ዳግም አይመለስም። ባለሱቋ የአንድ ሱሪ ዋጋ አድነው አንድ ደንበኛ አጥተዋል።

እዚህ ላይ የሁለቱንም ወገን እውነት ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ወጣቱ ገንዘቡን የከፈለው ለሚለበስ ሱሪ ነው፤ ቁጭ ሲሉበት የሚተረተር ሱሪ፣ ሱሪ ተብሎ ሊሸጥ አይገባውም። በሌላ በኩል ባለሱቋ ሐሰተኛ ገዢ ገጥሟቸው ያውቃል። ለአንድ ድግስ ለብሶ፣ ላብና ሽቶ የጠጣውን ልብስ በማግሥቱ «አልሆነኝም» ብሎ የሚያመጣ ሰው አለ። እንዲህ ያለው ሰው ልብስ አልገዛም፤ ያለ ኪራይ ተከራይቷል። ከዚህም ሌላ ባለሱቋ ዕቃውን የሚያመጡት ከጅምላ ነጋዴ ነው። ጅምላ ነጋዴው ከእሳቸው ላይ ካልመለሰ፣ ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን ኪሳራው በእሳቸው ትከሻ ላይ ይቀራል። ማስታወቂያው እንግዲህ ከክፋት ብቻ የመነጨ አይደለም፤ እውነተኛውን ከሐሰተኛው መለየት ያልቻለ ነጋዴ የሠራው አጥር ነው። አጥሩ ግን ሐሰተኛውን ለመከላከል ተብሎ እውነተኛውንም ውጭ ያስቀራል።

ነገሩ ጥንትም እንዲህ አልነበረም። ልብስ በልክ በሚሰፋበት ጊዜ ደንበኛው ጨርቁን ገዝቶ ልብስ ሰፊው ዘንድ ይሄዳል፤ ልኬቱን ይሰጣል፤ ቀርቦ ይሞክራል፤ የጠበበው ይሰፋለታል፤ የተተረተረውም ይጠገንለታል። ልብስ መመለስ የሥራው አንድ ክፍል እንጂ ጠብ አልነበረም። ዝግጁ ልብስ ሲመጣ ዋጋው ረከሰ፤ ምርጫው በዛ፤ ሰፊውና ለባሹ ግን ተለያዩ። በሁለቱ መካከል ፋብሪካ፣ አስመጪ፣ ጅምላ ነጋዴና ቸርቻሪ ገቡ። ኃላፊነቱም በእነዚህ ሁሉ እጅ ሲተላለፍ ሳስቶ ጠፋ።

ሕጉ በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2287 ጀምሮ ሻጩ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ መሆን እንዳለበት ደንግጓል። ገዢውም ዕቃውን ጊዜ እንዳገኘ እንዲመረምርና ጉድለቱን ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። ሻጭ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ከደበቀ ደግሞ «ኃላፊ አልሆንም» የሚለው ቃሉ አያድነውም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ይህን መብት ለተራው ሸማች ቀረብ አድርጎ፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ደነገገ። እንግዲህ የጎደለው የሕግ ቃል አይደለም። የጎደለው «ጉድለት» የሚለውን ቃል በሱቁ ጠረጴዛ ላይ በማስረጃ የሚያሳይ ዕውቀት ነው። የምሕንድስና ሙያ ድርሻም ከዚህ ይጀምራል።

የተተረተረ ስፌት ለሚያነበው ሰው ራሱን የሚያስረዳ ሰነድ ነው። አከፋፈቱ በሦስት ሊመደብ ይችላል።

አንደኛው ክሩ ራሱ የተበጠሰበት ነው። ጨርቁ ደኅና ሆኖ የስፌቱ ክር ብቻ ከተቆረጠ፣ መርፌው በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ጊዜ እንደወጋ መቁጠር ይገባል። ለሱሪ ከ4 እስከ 5 ጊዜ የተለመደ ነው፤ 2 ወይም 3 ብቻ ሆኖ ከተገኘ፣ ፋብሪካው ጊዜና ክር ለመቆጠብ ብሎ ስፌቱን አሳስቷል። ጥፋቱ የሰፊው ነው።

ሁለተኛው ክሩ ሳይበጠስ ድርና ማጉ ከስፌቱ ሥር የተንሸራተተበት ነው። በስፌቱ ዳር ጨርቁ እንደ ወንፊት ሳስቶ ይታያል። ይህ የሚሆነው ሽመናው ልል ሲሆን ወይም ለስፌቱ የተተወው ትርፍ ጨርቅ እጅግ ሲጠብ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ጉድለት አይ.ኤስ.ኦ. 13936 የተባለ ዓለም አቀፍ የመፈተኛ ደረጃ ወጥቶለታል። ጥፋቱ የሸማኔው ወይም የቆራጩ ነው። ሆኖም እጅግ የጠበበ ሱሪም ስፌቱን ሊያንሸራትት ስለሚችል፣ ከመፍረድ በፊት የለባሹን ዳሌና የሱሪውን ስፋት ለክቶ ማስተያየት ግዴታ ነው።

ሦስተኛው ጨርቁ ከስፌቱ ርቆ የተቀደደበት ነው። ቀዳዳው ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ ከሄደ ምስማር ወይም ስለት ነክቶታል። እዚህ ላይ ገዢው ራሱ ኃላፊ ነው፤ ይህንንም አምኖ መቀበል ይገባዋል።

ስለ ቀለምም እንዲሁ ነው። አንድ ነጭ የጥጥ ጨርቅ በውኃ አርሶ ልብሱን ከውስጥ በኩል አሥር ጊዜ ወዲያና ወዲህ ማሸት በቂ ፍንጭ ይሰጣል። በቤተ ሙከራም የሚደረገው ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ የሚጫነው ኃይል 9 ኒውተን፣ ማለት ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ነው። ነጩ ጨርቅ እጅግ ከቀለመ ልብሱ ገና ከሱቅ ሳይወጣ ጉድለት አለበት። ልብሱን በበረኪና የዘፈዘፈ ሰው ግን ስለ ቀለሙ ፋብሪካውን ሊከስ አይችልም። ስለ መኮማተርም ቢሆን የ80 ሳንቲ ሜትር እግር ያለው ሱሪ 5 በመቶ ቢያጥር 4 ሳንቲ ሜትር ይጎድልበታል፤ ይኸውም ቁርጭምጭሚት ለማስገለጥ ይበቃል። በመግዣው ዕለት የተጻፈ አንድ ልኬት በኋላ የሚመጣውን ክርክር ሁሉ ያስቀራል።

አሁን ከቦሌ ሚካኤል ብዙ ሳይርቁ እዚያው በምሥራቅ አዲስ አበባ ወደሚገኘው የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ማለፍ ያስፈልጋል። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያ ለውጭ ገበያ ልብስ ሲሰፋ ቆይቷል። በዓለም አቀፉ የልብስ ንግድ ገዢው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚባል ነገር አይሰማም። በአይ.ኤስ.ኦ. 2859 መሠረት ከ1201 እስከ 3200 ልብስ ካለበት ጭነት 125 ናሙና ይወጣል። የጥራቱ ወሰን 2.5 ሲሆን፣ ጉድለት ያለባቸው እስከ 7 ቢሆኑ ጭነቱ ያልፋል፤ 8 ከሆኑ ግን ሙሉው ጭነት ተቀባይነት ያጣል። ይህም ሲሆን ማንም አይጮህም፤ ማንም «ለብሰኸው ነው» አይባባልም። ቁጥሩ ተናግሯልና።

ነገሩን ልብ ላለው ሰው ከዚህ የሚበልጥ ትዝብት የለም። ለባሕር ማዶው ለባሽ ስፌት እየቆጠረች የምታርም የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ደመወዟን ተቀብላ ለልጇ ልብስ ልትገዛ ወደ ሱቅ ስትሄድ፣ የማንም ዓይን ያልመረመረውን ልብስ «አይመለስም» ተብላ ትሸከማለች። ዕውቀቱ በከተማው ውስጥ አለ፤ የከተማው ሕዝብ ግን ተጠቃሚው አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ማስታወቂያው በትእዛዝ ቢነቀል ብቻውን ለውጥ አያመጣም። በምትኩ ግን የሚከተለው ቢጻፍ ነጋዴውም ገዢውም ይጠቀማሉ፤ «በስፌት፣ በሽመናና በቀለም ጉድለት የተበላሸ ልብስ በደረሰኝ ይመለሳል፤ በአለባበስና በአስተጣጠብ የተበላሸ አይመለስም።» ይህ እንዲሠራ በደረሰኙ ላይ የልብሱ ዓይነትና ልክ መጻፍ አለበት። ባለሱቁም የተመለሰለትን ልብስ ከየትኛው ጅምላ ነጋዴ እንዳመጣው በአንድ ደብተር ቢመዘግብ፣ በስድስት ወር ውስጥ የትኛው ዕቃ እንደሚያከስረው በግልጽ ያያል፤ ከጅምላ ነጋዴው ጋርም በመረጃ ይነጋገራል። ክርክር ሲነሣ በሱቁ አጠገብ የእግር መኪናውን ይዞ የተቀመጠው ልብስ ሰፊ ዳኛ ይሁን። ስፌት ሲያይ የኖረ ሰው ከመንገደኛ ጩኸት የተሻለ ይፈርዳል።

የማኅበሩ አባላት ድርሻ ደግሞ ይህን ዕውቀት በአንድ ገጽ፣ በቀላል አማርኛና በሱማልኛ አዘጋጅቶ ለሱቆቹ ማደል ነው። ወጪው የወረቀትና የኅትመት ብቻ ነው።

በምሳሌው የተጠቀሱት ባለሱቋና ወጣቱ ልብስ ሰፊውን ጠርተው ቢሆን ኖሮ፣ ሰፊው ስፌቱን ገልብጦ በማየት ብቻ ነገሩ በአምስት ደቂቃ ባለቀ ነበር። ጉድለቱ የፋብሪካው ከሆነ ባለሱቋ ሱሪውን ለውጠው፣ የተተረተረውን ለጅምላ ነጋዴው በማስረጃነት ይይዙታል። የወጣቱ ከሆነም «ልጄ፣ ጠቦህ ነው፤ ቁጥሩን አሳድገህ ውሰድ» ተብሎ፣ የተተረተረውን እዚያው አሰፍቶ ያለ ቂም ይሄዳል። በሁለቱም መንገድ ደንበኝነቱ አይቋረጥም። ገበያ የሚቆመው በዕቃው ብዛት ሳይሆን ዛሬ የገዛ ሰው ነገም ሳይፈራ በመመለሱ ነው።