የዓውደ ዓመት ጌጥና የቤት ዕድሜ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ርእሴ በመሐንዲሶች ጉባኤ ላይ ከሚዘወተሩት ርእሶች ለየት እንደሚል አውቃለሁ። የቆምኩት ስለ ግድብ ወይም ስለ ድልድይ ለመናገር አይደለም፤ በየዓመቱ በየቤታችን ስለሚጎዘጎዘው ቄጠማ፣ በየደጃፉ ስለሚሰካው ዘንባባና ለበዓል ሲባል ስለሚቀባው ግድግዳ ነው። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ የመሐንዲስ ጉዳይ አይመስልም። ጠጋ ብለን ስንመረምረው ግን እናቶቻችንና አባቶቻችን ቤታቸውን ለዓውደ ዓመት የሚያሰናዱበት ልማድ፣ እኛ በሙያችን ቋንቋ የጥገና መርሐ ግብር የምንለውን ነገር በውስጡ ይዞ እናገኘዋለን። ሐሳቤ ባጭሩ ይህ ነው፤ ቤትን ለበዓል ማስጌጥና ቤትን መጠገን ለረጅም ዘመን አንድ ሥራ ነበሩ፤ ዛሬ ሁለቱ ተለያይተዋል፤ መለያየታቸውም ሕንፃዎቻችንን እየጎዳ ነው።

ከጭቃ ቤት እንጀምር። ባሕር ዛፍ ከአፄ ምኒልክ ዘመን ወዲህ በደጋው አገር ከተስፋፋ በኋላ፣ የአዲስ አበባና የሌሎች ብዙ ከተሞች ተራ መኖሪያ ቤት የሚሠራው በአመዛኙ በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ላይ በጭድ የተቦካ ጭቃ በመምረግ ሆነ። ጭዱ ከጭቃው የሚደባለቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲኮማተርም ይሰነጠቃል፤ የጤፍ ጭድ ግን እንደ ክር ሆኖ ጭቃውን ከዚህም ከዚያም ያያይዘዋል። ለቀናት እየተረገጠ እንዲቦካ የሚደረገውም ጭዱ ለስልሶ ከአፈሩ ጋር እንዲዋሐድ ነው። ይህ ግድግዳ አንድ ብርቱ ጠላት አለው፤ እርሱም ውሃ ነው። በአዲስ አበባ በዓመት ከሚጥለው፣ ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ከሚጠጋው ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። ከጣራው የሚወርደው ጠፈጠፍ መሬት ነክቶ ሲፈናጠር የግድግዳውን እግር ጥቂት በጥቂት ይበላዋል፤ ክረምቱ ሲወጣ ማገሩ እዚህም እዚያም ብቅ ብሎ ይታያል።

ዓውደ ዓመቱ የሚመጣው ልክ በዚህ ሰዓት ነው። ጳጉሜን ሲገባ የቤቱ እመቤት የተሸረሸረውን ትመርጋለች፤ ወለሉን በእበት ትለቀልቃለች፤ በጭስ የጠቆረውን ጋዜጣ ልጣ አዲስ ትለጥፋለች። መስከረም 1 ቀን ቄጠማው ሲጎዘጎዝና አደይ አበባው በየጥጉ ሲቀመጥ፣ ቤቱ አማረ እንላለን። በእኛ ሙያ አነጋገር ግን የተፈጸመው ሥራ ዓመታዊ ፍተሻና ጥገና ነው። ለእመቤቲቱ ማንም የጥገና መመሪያ አልሰጣትም፤ ቀኑን የወሰነላት በዓሉ ነው፤ ተቆጣጣሪዋም "እንኳን አደረሳችሁ" ሊል የሚመጣው እንግዳ ነው። አዲስ ቤት የገባን ሰው "ቤት ለእንቦሳ" ብለን እንመርቃለን። ለኖረ ቤት እንዲህ ያለ ምርቃት የለንም፤ የኖረ ቤት ምርቃቱ ዓውደ ዓመት ነው።

ይህ ልማድ የአንድ አካባቢ ብቻ አይደለም። በጉራጌ አገር ለመስቀል በዓል የሚደረገውን ዝግጅት የሚያውቅ ሁሉ፣ ከዳመራው ቀን በፊት ቤቱ ከግድግዳው እስከ ወለሉ እንደሚታደስ፣ በእንሰት ጭረት የተሠራው ጅባም ለእንግዳ እንደሚነጠፍ ያውቃል። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በሐረር ጁገል ደግሞ ሌላ ጥበብ እናያለን። በሐረሪ ቤት ዋናው ክፍል ውስጥ ያሉት፣ ከፍታቸው የተለያየ የመቀመጫ መደቦችና ከግድግዳው ውስጥ የወጡት ባዶ መስኮት መሰል ማስቀመጫዎች ከቤቱ ጋር አብረው የታነጹ ናቸው። ስፌቱና ሳህኑ በግድግዳው ላይ የሚደረደረው ቤቱ ካለቀ በኋላ በታሰበ ነገር አይደለም፤ ግንበኛው ቤቱን ሲያንጽ የጌጡን ቦታ አስቀድሞ ትቶለታል። ይህን ነጥብ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ስለ ቄጠማም አንድ ቃል ልበል። በአፈር ወለል ላይ የተጎዘጎዘ እርጥብ ቄጠማ ሦስት ሥራ ይሠራል፤ አቧራውን ይይዛል፣ እርጥበቱ ሲተን ክፍሉን ያቀዘቅዛል፣ ሽታውም ቤቱን ያውዳል። በማግሥቱ ሲጠረግ የወለሉን አቧራ ይዞ ይወጣል። በሸክላ ንጣፍ ላይ ሲጎዘጎዝ ግን ነገሩ ይለወጣል። እርጥብ ሣር በለስላሳ ንጣፍ ላይ ያንሸራትታል፤ አረጋውያን ባሉበት ቤት ይህ ቀላል አደጋ አይደለም። በውሃ እየታጠበ ወደ ወለሉ ፍሳሽ ሲገባም በቧንቧው መታጠፊያ ላይ ተጠላልፎ ይዘጋዋል፤ በፎቅ ቤት የአራተኛው ፎቅ ቄጠማ የመጀመሪያው ፎቅ ነዋሪ ጎርፍ ይሆናል። ቄጠማውን መተው አያስፈልግም፤ በደረቁ ጠርጎ በከረጢት ማውጣት፣ በፍሳሹ አፍ ላይም ወንፊት ማድረግ ይበቃል።

የችግሩ ሥር ግን ከቄጠማ የጠለቀ ነው። ቀኑ እንደ ድሮው ሆኖ ሳለ የቤቱ ማቴሪያል ተለውጧል። ጭቃ ይተነፍሳል፤ በጳጉሜን ገና ያልደረቀን የጭቃ ግድግዳ በጭቃና በእበት መምረግ አይጎዳውም፤ እርጥበቱ ከውስጥ ወደ ውጭ መውጫ አያጣምና። የኖራ ቅብም እንዲሁ ነው። ኖራ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ መልሶ ወደ ድንጋይነት ይለወጣል፣ እርጥበትን አያፍንም፣ በጠባዩም ሻጋታን ይከላከላል። የዛሬው ቤት ግን በብሎኬትና በሲሚንቶ ልስን የተሠራ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ዝናብ የመታው የብሎኬት ግድግዳ በጳጉሜን ውሃ እንደ ጠጣ ስፖንጅ ነው። ይህን ግድግዳ ለእንቁጣጣሽ ብለን በተለይ በዘይት ቀለም ስንቀባው እርጥበቱን ከውስጥ እንቆልፍበታለን። ቀለሙ ለበዓሉ ያብረቀርቃል፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ያብጣል፣ ይላጣል፤ በሚቀጥለው ዓመት በላዩ ላይ ሌላ ቀለም ይደረብበታል። "ውስጡን ለቄስ" የሚለው የአገራችን አነጋገር ለዚህ ግድግዳ የተነገረ ይመስላል።

እዚህ ላይ ማስጌጥን ከሁለት መክፈል ይገባናል። አንዱ የሚገልጥ ጌጥ ነው፤ ይኸውም ዕቃውን አንሥቶ፣ ጥጉን ጠርጎ፣ ስንጥቁን አይቶና ደፍኖ የሚያስጌጥ ነው። ሌላው የሚሸፍን ጌጥ ነው። እርግጥ ነው፣ በግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ጋዜጣም ይሸፍናል፤ ነገር ግን በየዓመቱ ስለሚላጥ ቢያንስ በዓመት አንድ ቀን ግድግዳው እርቃኑን ይታይ ነበር። ዛሬ ለበዓል የምንለጥፈው የግድግዳ ወረቀት፣ የምናስገባው የጀሶ ኮርኒስ፣ ከሳሎኑ ጥግ የምናቆመው ቁም ሣጥን ለዓመታት አይነሣም። ከኮርኒሱ በላይ ሶሌታው ውሃ ቢያስገባ የምናውቀው ዘግይተን ነው። ውሃው እስከ ፌሮው ከዘለቀ ፌሮው ይዝጋል፤ ዝገት ደግሞ ከብረቱ ይበልጥ ቦታ ስለሚፈልግ ኮንክሪቱን ከውስጥ ገፍቶ ይፈነቅለዋል። ይህን የማትጠሩት ሰው ሳልሆን የምትጠሩት ሐኪም እንደ መሆኔ፣ በሽታው በጊዜ ቢታይ በአንድ ባልዲ ቅጥራንና በግማሽ ቀን ሥራ ሊድን ይችል እንደ ነበረ ደጋግሜ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ጋራ መኖሪያ ቤቶቻችን ልውሰዳችሁ፤ ጉዳዩ እጅግ የሚከብደው በዚያ ነውና። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 በ1995 ዓ.ም. ሲወጣ እያንዳንዱ ባለቤት ከራሱ ቤት ሌላ በጋራ መጠቀሚያዎቹ ላይ ድርሻ እንዳለው ደንግጓል፤ ጣራው፣ ደረጃው፣ የውጭ ግድግዳው፣ የፍሳሽ መስመሩ የሁሉም ነው። በዓል ሲመጣ ግን ምን እናያለን? ከደጃፍ ወዲህ ያለው ቤት ታጥቦና ታጥኖ ያበራል፤ ከደጃፍ ወዲያ ያለው ደረጃ ልስኑ ረግፏል፣ አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ ውሃው በግድግዳው ላይ ይወርዳል። በጭቃ ቤት ዘመን የቤቱ ውስጥም ውጭም የአንዲት እመቤት ኃላፊነት ነበር። ዛሬ ውጭው የሁሉም በመሆኑ የማንም አልሆነም።

መድኃኒቱ ግን ሩቅ አይደለም። እኒሁ ነዋሪዎች ለፋሲካ ተሰብስበው፣ ገንዘብ አዋጥተው፣ በሬ ገዝተው ቅርጫ ይካፈላሉ፤ አንድም ሰው መደቡን ሳያገኝ አይቀርም። ለበሬ የሚዋጣ ጎረቤት ለአሸንዳ የማይዋጣበት ምክንያት የለም። የሚጎድለው ገንዘቡ ወይም መተማመኑ ሳይሆን ቀኑ ነው። ስለዚህ አዲስ ቀን ከመፈለግ ይልቅ ሕዝቡ አስቀድሞ በሚያውቃቸውና በሚወዳቸው ቀኖች ብንጠቀም ይበጃል።

አሠራሩን እንደሚከተለው ለማቅረብ እወዳለሁ። በጳጉሜንና በእንቁጣጣሽ መቀባት ሳይሆን ማየት ይገባል፤ ክረምቱ የት እንዳስገባ ከዚያ የተሻለ የሚያሳይ ጊዜ የለም፤ እርጥብ የሆነው ቦታ ሁሉ ምልክት ይደረግበት። ለእንቁጣጣሹ አደይ አበባውና ቄጠማው ከበቂ በላይ ጌጥ ነው። መስከረም 17 ከሚውለው ከመስቀል በኋላ ፀሐይ ሲጠነክር ስንጥቁ ይደፈን፣ የረገፈው ልስን ይታደስ። ቀለሙ ለገናና ለጥምቀት ይሁን፤ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ግድግዳው ለመድረቅ ሦስት ወር ያህል አግኝቷልና። ፋሲካ በየዓመቱ ቀኑ ቢለዋወጥም ከመጋቢት 26 አይቀድምም፣ ከሚያዝያ 30ም አያልፍም፤ ይህም ማለት ሁልጊዜ ከዋናው ክረምት በፊት ይውላል። ስለዚህ በሆሣዕና ዘንባባውን ስንሰካ ጣራውን፣ አሸንዳውንና የጎርፍ መውረጃውን እንመልከት። የዒድ በዓላትን በሚመለከት ግን አንድ ሥራ ከአንድ በዓል ጋር ማያያዝ አይቻልም፤ የጨረቃው ዓመት ከፀሐዩ በ11 ቀን ያህል ስለሚያጥር በዓላቱ በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶቹን ሁሉ ይዞራሉ። በእነዚህ በዓላት ወቅቱ የሚጠይቀውን ሥራ መሥራት ነው፤ በክረምት ከዋለ ፍተሻ፣ በበጋ ከዋለ ቀለም። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ደረጃ በሚወጡበት ሕንፃ ይህ ተራ በተራ ለመሥራት የሚያመች ነው።

ለእኛ ለነዳፊዎችም የሚደርሰን ድርሻ አለ። የሐረሩን ግንበኛ እንምሰል። በጋራ መኖሪያ መንደሮች ውስጥ ለዕርድና ለድግስ የሚሆን የጋራ ቤት እንዲኖር መታሰቡ መልካም ነበር፤ ይህ ሐሳብ ከንድፉ እንዳይወጣ፣ ቤቱም ለሌላ አገልግሎት እንዳይውል መከራከር አለብን። የዕርዱ ቦታ ተዳፋትና ስብ የሚይዝ ፖዜቶ ይኑረው። በደጃፍና በሰገነት ላይ ዘንባባና መብራት የሚሰቀልበት መንጠቆ ቢተው ነዋሪው ልስኑን በምስማር አይበሳም። በሳሎኑ ጥግ አንድ ተጨማሪ ሶኬት ቢኖር የገና ዛፉ መብራት፣ ምጣዱና ማሞቂያው በአንድ ቀጭን ማከፋፈያ ላይ አይደረቡም። እነዚህ ሁሉ በንድፍ ጊዜ ዋጋቸው ጥቂት ነው፤ ከተረፈ በኋላ ግን ብዙ ያስወጣሉ።

"በዓል የዕረፍትና የደስታ ቀን ነው፤ በሥራ አታክብዱብን" የሚል ቢኖር እውነት አለው። በተለይም ድሮ ይህ ሥራ ሁሉ በሴቶች ትከሻ ላይ የወደቀ እንደ ነበር መሸሸግ አይገባም። እመቤቲቱ ዛሬ እንደ ባሏ ቢሮ ውላ ትገባለች፤ የቀድሞውን ሸክም መልሰን እንጫንባት ማለቴ አይደለም። የምለው ሥራው ከበዓሉ በፊት ባለው ሳምንት፣ በወንዱም በሴቱም፣ በጎረቤትም መካከል ይከፈል ነው። ዶሮው የሚበለትበት አሥራ ሁለት ብልት እንዳለው ሁሉ፣ ሕንፃውም ለየነዋሪው የሚከፈል ሥራ አለው።

በመጨረሻ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በአንዲት ገጽ ላይ፣ ሁሉም ሊረዳው በሚችል አማርኛና በሌሎችም የአገራችን ቋንቋዎች፣ በየበዓሉ ከቤቱ ምን ምን መታየት እንዳለበት የሚዘረዝር ጽሑፍ አዘጋጅተን፣ ለየጋራ ሕንፃው የነዋሪዎች ማኅበር ከእንኳን አደረሳችሁ ካርድ ጋር እንላክ። በየሰፈራችንም እያንዳንዳችን በዓመት አንድ ቀን መሰላል ይዘን ከጎረቤቶቻችን ጋር ጣራ ብንወጣ፣ ከብዙ የጥናት ወረቀት የበለጠ ሥራ ሠራን ማለት ነው። የመጀመሪያው ጽሑፍ ለሚመጣው ጳጉሜን እንዲደርስ፣ የሚያዘጋጀው ኮሚቴ ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ሳንወጣ እንዲመረጥ በአክብሮት እጠይቃለሁ።