ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን፦ የልደትን በዓል በቁጥርና በቃል ለልጆቻችን ስለ ማስተማር

(በደብራችን የምሥረታ በዓል መርሐ ግብር ላይ ከሰንበት ትምህርት ቤቱ አገልጋይ ዲያቆናት በአንዱ ለወላጆች የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዛሬ እንድናገር የታዘዝኩት ስለ ሕፃናት ትምህርት ነው። ንግግሬን የምጀምረው ከራሴ ጥፋት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ልደትን ባከበርንበት ሳምንት እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ቀሚሴን ጎተት አድርጋ «ዲያቆን፣ ጌታ የተወለደው ሁለት ጊዜ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ደስ አለኝ። ይህ ጥያቄ ከሕፃን አፍ ሲወጣ ሰምቶ የማይደሰት የአብነት ተማሪ የለም። ወዲያውኑ ስለ ሁለቱ ልደታት አስረዳኋት፤ ቀዳማዊ ልደቱ ከአብ ያለ እናት፣ ደኃራዊ ልደቱ ከእመቤታችን ያለ አባት መሆኑን በሚገባት ቋንቋ ለመግለጽ ደከምኩ። ልጅቷም በትዕግሥት አዳምጣኝ ስታበቃ «እኔ እኮ የጠየቅኩት አንዱ ዲሴምበር ላይ፣ አንዱ ጃንዋሪ ላይ ለምን ሆነ ብዬ ነው። ክፍላችን ያለ ልጅ የእናንተ ገና ዘግይቷል ብሎኛል» አለችኝ።

የተናገርኩት ነገር እውነት ነበር፤ ለጥያቄዋ ግን መልስ አልነበረም። ልጅቷ የጠየቀችኝ ሒሳብ ነበር። ባሕረ ሐሳብ ተምሬ፣ በምሕንድስና ተመርቄ፣ በየቀኑ ከቁጥር ጋር የምውል ሰው ሳለሁ፣ የጠየቀችኝን ሳልሰማ ያልጠየቀችኝን መለስኩላት። ያን ዕለት ልጅቷ ገናችን የዘገየ እንደ ሆነ እያሰበች ወደ ቤቷ ሄደች።

እዚህ አገር በብዙ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በዲሴምበር ወር ሒሳቡም ቋንቋውም ከበዓሉ ጋር እየተያያዘ ይሰጣል። ልጆች በዛፍ ሥዕል ላይ ጌጥ እየቀቡ ይደምራሉ፤ ብስኩት እየቆጠሩ ያባዛሉ፤ ለገና አባት ደብዳቤ እየጻፉ ዓረፍተ ነገር ማዋቀር ይለማመዳሉ። መምህራኑን አልነቅፍም፤ ልጅ በሚወደው ነገር ሲማር ትምህርቱ እንደሚጸናበት አውቀው የሚያደርጉት ነው። የምጠይቀው ራሳችንን ነው። በእጃችን ያለው በዓል ቁጥርም ቃልም የሞላበት ሆኖ ሳለ፣ ለልጆቻችን ስለ ምን ነጭ ልብስና ዶሮ ወጥ ብቻ አወረስናቸው?

ስለዚህ ከዚያ ዓመት ወዲህ በሕፃናት ክፍላችን የሞከርነውን በአጭሩ ላካፍላችሁ። ሁሉንም በቤታችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ።

በመጀመሪያ፣ ለትንንሾቹ የወረቀት ሰንሰለት ነው። ልደት ታኅሣሥ 29 በሚውልበት ዓመት የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28 ነው። ልጆቹ ከኅዳር 16 ቀን፣ ከታኅሣሥ 28 ቀን ብለው ይደምራሉ፤ 44 ይመጣል። 44 ቀለበት ያለው ሰንሰለት ሠርተው በየቀኑ አንዱን ይቀድዳሉ፤ በእያንዳንዱ ቀለበት ላይ የቀረውን ቀን በግእዝ ቁጥር ይጽፋሉ። እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር አለ። በትምህርት ቤታቸው 44 ሲጽፉ አንዱን ምልክት ሁለት ጊዜ ይጽፋሉ፤ የመጀመሪያው አርባ፣ ሁለተኛው አራት መሆኑን የሚያውቁት ከቦታው ነው። በግእዝ ግን ፵፬ ሲጽፉ አርባው ራሱን የቻለ፣ አራቱም ራሱን የቻለ ምልክት አለው። የአሐዝ የቦታ ዋጋ አልገባ ብሎት የተቸገረ ልጅ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ሲያይ ወዲያው ይገባዋል።

ሁለተኛው፣ ከፍ ላሉት፣ የንግግሬ ርእስ ያደረግሁት ነው። እናቶቻችን ጌታ በእመቤታችን ማኅፀን ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን አደረ ሲሉ ሰምተናል። ልጆቹ ይህን ራሳቸው ይፈትኑት። ከመጋቢት 29 ቀን ፅንሰቱ ተነሥተው እስከ ታኅሣሥ 29 ወሮቹን በጣታቸው ይቁጠሩ፦ ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ። ዘጠኝ ናቸው። እያንዳንዱ ወር 30 ቀን ነውና 9 × 30 = 270፤ በመካከል ያለችው ጳጉሜን 5 ቀን ስትጨመር 275 ይሆናል። ጾሙን ስንቆጥር መነሻውን ቀን ጨምረን ነበር፤ በዚያም ቀን እንጾማለንና። እዚህ ግን ከቀን እስከ ቀን ያለውን ርቀት ስለምንለካ መነሻውን አንቆጥርም። ይህን ልዩነት ለመረዳት ልጆቹ ብዙ ይከራከራሉ፤ ክርክሩ ራሱ ትምህርት ነውና አታቋርጧቸው።

ከዚያ አንዱ ልጅ «ጳጉሜን 6 ስትሆንስ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱን አትንገሩት፤ ይቁጠር። 276 እንዳይሆን ከታኅሣሥ አንድ ቀን መቀነስ እንዳለበት ራሱ ይደርስበታል። በዘመነ ዮሐንስ ልደትን ታኅሣሥ 28 የምናከብረው ስለዚህ ነው። ዘመነ ዮሐንስ መቼ እንደሚውል ለማወቅም መንገዱ ቀላል ነው፤ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረን ለ4 እናካፍላለን። 1 ሲተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ሲተርፍ ማርቆስ፣ 3 ሲተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ሳይተርፍ ዮሐንስ ነው። 2016 ላይ 5500 ስንደምር 7516 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ ምንም አይተርፍም። በዚያ ዓመት ልደት ታኅሣሥ 28 መዋሉን ሁላችንም እናስታውሳለን። ልጆቹ የተወለዱበትን ዓመት እያሰሉ በየትኛው ወንጌላዊ ዘመን እንደ ተወለዱ ሲያውቁ የሚሰማቸውን ደስታ መጥታችሁ ብታዩ እወዳለሁ።

ሦስተኛው ያችን ልጅ የነፈግኋት መልስ ነው። ታኅሣሥ 29 በቀድሞው በዩልዮስ አቆጣጠር ዲሴምበር 25 ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1582 የሮሙ ፓፓ ጎርጎርዮስ 13ኛ አቆጣጠሩን ሲያሻሽሉ በሁለቱ መካከል የ10 ቀን ልዩነት ተፈጠረ፤ ዛሬ 13 ደርሷል። 25 + 13 = 38፤ ዲሴምበር 31 ቀን ስላለው 38 − 31 = 7። ጃንዋሪ 7 ይህ ነው። አልዘገየንም፤ የቀደመውን አቆጣጠር ጠብቀን ቆየን እንጂ። ልዩነቱ ወደ ፊትም ይጨምራል። በጎርጎርዮስ ደንብ በ100 የሚካፈል ዓመት ሠግር የሚሆነው በ400 ጭምር ሲካፈል ብቻ ነውና 2100 ሠግር አይሆንም። ስለዚህ አቆጣጠሩ እንዳለ ከቀጠለ፣ ከ2101 ጀምሮ ልደትን የምናከብረው ጃንዋሪ 8 ይሆናል። ዛሬ በክፍላችን ካሉት ሕፃናት ዕድሜ የሰጠው ያያል፤ ያን ጊዜም ምክንያቱን ለልጅ ልጆቹ ያስረዳል።

የክፍልፋይ ትምህርት ደግሞ ለእናቶች የተተወ ነው። የበዓሉን ድፎ ዳቦ ስትቆርሱ ቢላዋውን ከመያዛችሁ በፊት ልጆቹን ጠይቁ። 24 ሰው ቢኖር እንዴት ይዳረሳል? ለሁለት፣ ለአራት፣ ለስምንት፤ ከዚያ እያንዳንዱ ስምንተኛ ለሦስት። በስተመጨረሻ ቁራሹ ሁሉ እኩል መሆኑን የሚመረምሩት እነርሱ ናቸው፤ የሚመረምሩትም አጥብቀው ነው!

ከቁጥር ወደ ቃል ልለፍ። ወለደ የሚለውን ቃል በሰሌዳው መካከል እንጽፍና ልጆቹ ቤተሰቡን ይፈልጋሉ፦ ተወለደ፣ ወላጅ፣ አዋላጅ፣ ተወላጅ፣ ትውልድ፣ ልደት። ልደት ላይ ሲደርሱ «ወ የት ሄደች?» ይላሉ። ወልድና ልጅም ከዚሁ ግንድ የበቀሉ መሆናቸውን ሲሰሙ፣ በየቀኑ የሚጠሩበት ቃል ከበዓሉ ስም ጋር ዘመድ መሆኑን ያውቃሉ። ታኅሣሥ የሚለውን ሲጽፉም የብዙኃኑን ኀ እና የንጉሡን ሠ በአንድ ቃል ውስጥ ያገኟቸዋል።

ቤተ ልሔምን የምናስተምረው ግን በእግር ነው። ልጆቹን ይዘን ለቅዱስ ቁርባን የሚሆነው ኅብስት ወደሚዘጋጅበት ክፍል ደጃፍ እንሄዳለን። እንደምታውቁት በእኛ ደብር ጠባብ ክፍል ናት፤ ከደጅ ሆነው ያዩዋታል። ስሟ ማን እንደ ሆነ እንጠይቃቸዋለን። ቤተ ልሔም በዕብራይስጥ የእንጀራ ቤት ማለት እንደ ሆነ፣ እኛ ዲያቆናትም እሑድ ማለዳ ኅብስቱን ይዘን በቃጭል ድምፅ የምንወጣው ከዚያ እንደ ሆነ ሲረዱ ዝም ይላሉ። ቤተ ልሔም ሩቅ አገር ብቻ ትመስላቸው ነበር።

ለማንበብ የደረሱት የማቴዎስንና የሉቃስን ሁለተኛ ምዕራፍ በሁለት ዓምድ ይከፍላሉ። እረኞቹ፣ ግርግሙ፣ የሕዝብ ቆጠራው ከሉቃስ፤ ኮከቡ፣ ሄሮድስ፣ ሰብአ ሰገል፣ ወደ ግብፅ መሰደዱ ከማቴዎስ። በማቴዎስ መጀመሪያ ያለውን የትውልድ ሐረግም አንዘልለውም፤ ወንጌላዊው ራሱ ሦስት ጊዜ ዐሥራ አራት ብሎ ስለ ቆጠረ ልጆቹ 3 × 14 = 42 ብለው ይቀበሉታል።

የመጨረሻው ሥራ ደብዳቤ ነው። ጃንዋሪ 7 በሥራ ቀን ሲውል ልጆቻችንን ከትምህርት ቤት እናስቀራለን፤ ምክንያቱን የምንጽፈው እኛ ነን፤ አንዳንዶቻችንም ይቅር ይበለንና «ታሞ ነው» ብለን እንጽፋለን። በጌታ ልደት ቀን ስለ በዓሉ ሐሰት መጻፋችንን ልጁ ያያል። ስለዚህ ደብዳቤውን ራሱ ይጻፈው፤ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ የት እንደ ነበረ፣ ቀኑ ለምን ያ እንደ ሆነ፣ ምን እንዳደረገ። እናንተ ከሥር ፈርሙበት።

ያች ልጅ በሁለተኛው ዓመት የጻፈችውን አሳይታኛለች። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገሯ «በዓላችን አልዘገየም፤ 25 ላይ 13 ደምሩ» የሚል ነበር። አስተማሪዋ በሰሌዳ ላይ ወጥታ እንድታስረዳ ፈቀደችላት። እኔ በብዙ ቃል ያልመለስኩትን እርሷ በአንድ ድምር ለክፍሏ መለሰች።

ወላጆች ሆይ፣ ከእናንተ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ልጃችሁ ስለ በዓሉ ሲጠይቃችሁ መልሱ ባይኖራችሁ «ዝም ብለህ አክብር» አትበሉት፤ «ና፣ አብረን እንቁጠር» በሉት። ሁለተኛ፣ የሕፃናቱ ክፍል ከቅዳሴ በኋላ እንግዳ ሲበዛ የሚለቀቅ ቦታ መሆኑ ይቅር። ደብራችን ለሚመጡት ዓመታት የሚያስፈልገው ሕንፃ ብቻ አይደለም፤ በዓሉን ምክንያቱን አውቆ የሚያከብር ትውልድ ያስፈልገዋል። ለዚያም በየእሑዱ የማይነካ አንድ ሰዓትና አንድ ክፍል እንለምናለን።

ልጆቻችንን በጥበብና በሞገስ ያሳድግልን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር።