ሥራ ያጣ ሰው በስንት በር ይግባ?

ሴት አቅራቢ፦ እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣ ሕግ በውጭ ንግድ ውድድር ሥራቸውን ላጡ አሜሪካውያን ሠራተኞች ልዩ ድጋፍ አቋቋመ። ፕሮግራሙ ሙያ ለሚቀይሩት የሥልጠና ወጪ ይሸፍናል፤ በሥልጠና ላይ እያሉም የገቢ ድጎማ ይሰጣል። ግን አስቀድሞ ማመልከቻ ገብቶ፣ ሥራው የጠፋው በውጭ ንግድ ምክንያት መሆኑን የፌዴራሉ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት ማረጋገጥ ነበረበት።

ወንድ አቅራቢ፦ እስከዚያ የቤት ኪራይ አይጠብቅም!

ሴት አቅራቢ፦ አይጠብቅም። በ2014 ፕሬዚዳንት ኦባማ የፈረሙት የሥራ ኃይል ሕግ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ከውጭ ንግድ ጋር ይያያዝ አይያያዝ ሳይል የተሰናበተውን ያማክራል፣ ሥራ ያፈላልጋል፣ እንደ ሁኔታውም በትራንስፖርትና በሕፃናት ማቆያ ወጪ ይደግፋል። በ2020 የወጣው ደንብ ደግሞ ስቴቶች ብቁ የሆኑትን በሁለቱም እንዲመዘግቡ አስገደደ። ትክክለኛ ውሳኔ ነበር፤ የተጨነቀ ሰው ችግሩን በየቢሮው እንደ አዲስ መተረክ የለበትም።

ወንድ አቅራቢ፦ የሚያሳዝነው፣ የንግዱ ፕሮግራም ከጁላይ 1 ቀን 2022 ጀምሮ አዳዲስ ማመልከቻዎችን መርምሮ ማጽደቅ አቆመ። ኮንግረስ ሥልጣኑን ሳያድስለት ቀረ።

ሴት አቅራቢ፦ የ2014ቱ ሕግ ግን ሌላም በር አለው፤ የአዋቂዎች ትምህርት። እንግሊዝኛ የሚያስቸግረው ሐበሻ ከሥራ ፍለጋው ጎን ለጎን ቋንቋውን መማር ይችላል። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ደግሞ በ2004ቱ የቋንቋ ሕግ መሠረት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ ያቀርባሉ።

ወንድ አቅራቢ፦ እንግዲያው የተሰናበተው ሰው ለሥራ አጥ ክፍያ ሲያመለክት፣ ሌላ የትኛው ፕሮግራም ውስጥ መግባት እንደሚችል እዚያው ይጠይቅ።