ጤና ጣቢያ ወይስ ሆስፒታል? የወላዷን መንገድ አስቀድሞ ስለ ማዘጋጀት

(በአቃቂ ቃሊቲ ለሰበካ ጉባኤ ተወካዮችና ለካህናት የተደረገ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው የኢትዮጵያ የሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ በአዲስ አበባ ከ100 ወሊዶች 97 ያህሉ የተከናወኑት በጤና ተቋም ነው። በከተማችን ያለው ጥያቄ እንግዲህ «በቤት ወይስ በተቋም?» የሚል አይደለም፤ «በየትኛው ተቋም?» የሚል ነው። በአቃቂ ቃሊቲ አንዲት እናት አዋላጅ ነርሶች በሚመሩት የጤና ጣቢያ ማዋለጃ ክፍል ወይም እንደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ባለ ሆስፒታል ልትወልድ ትችላለች። አንዱ ቤተሰብ ትልቁን፣ ሌላው ቅርቡን ይመርጣል። ሁለቱም ምርጫዎች ብቻቸውን በቂ አይደሉም እንላለን።

እርግዝናዋ ጤናማ ለሆነ እናት ጤና ጣቢያው መልካም ቦታ ነው። አዋላጇ ምጡንና የጽንሱን የልብ ምት ትከታተላለች፤ ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም እንዳይፈስ መርፌ ትሰጣለች። በመንግሥት ጤና ጣቢያ አገልግሎቱ ያለ ክፍያ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ከ64 ሺህ በሚበልጡ ወሊዶች ላይ የታተመ ጥናት፣ ጤናማ እርግዝና ያላቸው እናቶች በአዋላጆች በሚመራ ክፍል ሲወልዱ ለሕፃናቱ የተለየ አደጋ እንዳልታየ፣ ቀዶ ሕክምናም እንደ ቀነሰ አሳይቷል።

ይኸው ጥናት ግን ሌላም ነገር ያስተምረናል፤ በእነዚያ ክፍሎች የመጀመሪያ ልጃቸውን ሊወልዱ ከገቡት እናቶች ከ3ቱ ከ1 የሚበልጡት በሐኪሞች ወደሚመራ የማዋለጃ ክፍል ተዛውረዋል። የብዙዎቹ ምክንያት የምጡ መዘግየት ነበር። ስለዚህ «ሪፈር» መባል የሚያስደነግጥ ነገር ሊሆን አይገባም፤ አስቀድሞ መታሰብ ያለበት ነው። የጭነት መኪኖች በሚጨናነቁበት በቃሊቲ መንገድ ላይ መኪና መፈለግ የሚጀመረው ምጡ ከጠና በኋላ ከሆነ ግን፣ የሚያልፈው ሰዓት የእናትንና የልጅን ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

ቀድሞ በቀዶ ሕክምና የወለደች፣ መንታ የያዘች፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለባት፣ ጽንሱ ወደ ጎን የዞረባት እናት ከመጀመሪያው ሆስፒታልን ትምረጥ። ደም ከፈሰሳት፣ ብርቱ ራስ ምታት ከያዛት፣ ዓይኗ ከደበዘዘ፣ ካንቀጠቀጣት ወይም የጽንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ቀኗን ሳትጠብቅ ትሂድ።

ከሰበካ ጉባኤያት የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የንስሐ አባት ነፍሰ ጡሯን «የት ለመውለድ አሰብሽ? ማን አብሮሽ ይሄዳል? ለሪፈር ምን አዘጋጃችሁ?» ብሎ ገና ወሯ ሳይገፋ ይጠይቃት። ሁለተኛ፣ ሰበካ ጉባኤው ከእድሮች ጋር ተመካክሮ በሌሊት የሚነሣ መኪና፣ ለመጓጓዣ የሚሆን ጥቂት ገንዘብና ደም ለመለገስ ፈቃደኛ የሆኑ ምእመናንን ዝርዝር ያዘጋጅ። ሦስተኛ፣ ጸሎቱና ጸበሉ ከወላዷ ጋር ይሂዱ እንጂ ከመንገድ አያስቀሯት። ይህን ከካህን አንደበት የሰማ ቤተሰብ ለመነሣት አያመነታም።

እናቶቻችን በምጥ ጊዜ «ማርያም ማርያም» ሲሉ ጎረቤት ሁሉ አብሮ ይጠራል። አብሮ የሚጠራው ጎረቤት መኪናውንም አብሮ ያዘጋጅ፤ ያን ጊዜ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የምንላቸው እናቶች ይበዛሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።