ቅጽ በቅጽ ውስጥ፤ የእድር መዝገብ ኮምፒውተር ላይ ሲገባ
(ለእድሩ ጠቅላላ ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



እንድናገር የታዘዝኩት መዝገባችን ወደ ኮምፒውተር ሲገባ መልኩ ምን ይሁን በሚለው ላይ ነው። የእኔ ትምህርት ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ግን ዕድሜዬን የጨረስኩት መዝገብ ቤት ነው፤ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም አክሰስ የሚባለውን ፕሮግራም ከልጅ ልጄ ጎን ተቀምጬ ተምሬአለሁ።

ለቅሶ ሰዓት አይመርጥም። ሌሊት በር ተንኳኩቶ «የእገሌ አማት አረፉ» ሲባል ጸሐፊው ወዲያው ማወቅ ያለበት ሦስት ነገር ነው። አባሉ ማነው? ሟቿ በስሩ ተመዝግበዋል ወይ? መዋጮው እስከ የትኛው ወር ተከፍሏል? እነዚህን በአንድ ገጽ የማያሳይ መዝገብ ኮምፒውተር ላይም ቢሆን ለእድር አይረባም።

ብዙ ሰው የሚሠራው እንዲህ ነው። የአባሉን ስም ይጽፍና ወደ ጎን «ልጅ 1፣ ልጅ 2» እያለ እስከ «ልጅ 5» ዓምድ ያሰምራል። ታዲያ ስድስተኛው የት ይግባ? ማስታወሻ ላይ ይጻፋል። የቀብር ለት በስሙ ሲፈለግ «የለም» ይባላል። ልጅ ተወልዶ፣ አድጎ፣ መዋጮ ተከፍሎለት፣ ዓምድ ስላለቀ ብቻ የለም!

መድኃኒቱ አሮጌ ነው። ኤድጋር ኮድ የተባለ የአይ ቢ ኤም ሰው እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጽሑፍ መረጃ ሁሉ በሰንጠረዥ በሰንጠረዥ ተከፍሎ፣ አንዱ ከሌላው በሚጋሩት ምልክት እንዲገናኝ አሳየ። ለእኛ ሲሆን አንዱ ሰንጠረዥ የቤቶች ነው፤ ሁለተኛው የሰዎች፣ ለያንዳንዱ ሰው አንድ ረድፍ። ሰው ሲጨመር ረድፍ ይጨመራል እንጂ ዓምድ አይጨመርም። ሁለቱን የሚያስተሳስረው የአባልነት ቁጥር ነው።

ለምን በስም አይሆንም ትሉኝ ይሆናል። ፈረንጅ በቤተ ሰብ ስም ይያያዛል፤ የእኛ ሚስት ግን በአባቷ ስም ናት፣ ልጁም በአባቱ ስም እንጂ በአያቱ አይጠራም። ደግሞ ፊደላችን! አንዱ ጸሐፊ «ኃይሉ» ይላል፣ ሌላው «ሀይሉ»፤ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለጆሮ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። ቁጥር 214 ግን ማንም ቢጽፈው 214 ነው።

አሁን ወደ ቅጹ እንምጣ። አክሰስ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ ነው፤ በነጻ የሚገኘው ሊብሬ ኦፊስ ቤዝም ይህንኑ ይሠራል። ዋናው ቅጽ ከላይ የቤቱን ቁጥር፣ አድራሻና ተጠሪ ያሳያል። ከስሩ ንዑስ ቅጽ ይገባል፤ በውስጡ የዚያ ቤት ሰዎች ብቻ ይደረደራሉ። 214ን ስትጠሩ የ214 ሰዎች፣ 215ን ስትጠሩ የ215 ይመጣሉ። ይህ የሚሆነው በንዑስ ቅጹ ጠባይ ዝርዝር ላይ የዋናውና የንዑሱ ማያያዣ በሚባሉት ሁለት መስመሮች የአባልነት ቁጥሩ ከተጻፈ ነው። ባዶ ከተተዉ የመንደሩ ሰው በሙሉ የአንድ ቤት ቤተ ሰብ ሆኖ ቁጭ ይላል።

መዋጮውስ? እሱም የራሱ ሰንጠረዥና የራሱ ንዑስ ቅጽ ይኑረው፣ ከሰዎቹ ጎን። «አንድ ላይ ደባልቀን እናሳይ» የሚል አይጠፋም። ስድስት ሰው ያለበት ቤት አሥራ ሁለት ወር ከከፈለ፣ ሁለቱ ሲደባለቁ 72 ረድፍ ይወጣል፤ ድምሩ ሲሠራም እያንዳንዱ ክፍያ ስድስት ጊዜ ይቆጠራል። ገንዘብ ያዣችን ያላየውን ብር ተጠያቂ ይሆናል ማለት ነው።

አክሰስ ቅጽ በቅጽ ውስጥ እስከ ሰባት ደረጃ ይፈቅዳል። ይፍቀድ! እንደኔ ሁለት ይበቃል። ከዚያ በላይ ሌሊት በባትሪ መብራት ጉድጓድ እንደ መፈለግ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ስለ መሰረዝ ነው። ሁለት ሰንጠረዦች ሲያያዙ ፕሮግራሙ «ዋናው ሲሰረዝ በስሩ ያሉትም ይሰረዙ ወይ?» የሚል ምርጫ ያቀርባል። እባካችሁ እሺ እንዳትሉት። አባወራው አረፈ ተብሎ መዝገቡ ቢሰረዝ ሚስትና ልጆቹም አብረው ይጠፋሉ፤ ባሏን የቀበረች ሴት በሰልስቱ ማግስት ከእድር ወጣች ማለት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ የሰውየው ሳይሆን የቤቱ ይሁን። አባወራው ራሱ እንደ ሌላው ከስር በአንድ ረድፍ ይጻፍ፤ ሲያርፍ «አርፏል» ይባልና ያረፈበት ቀን ይሞላ። ተጠሪነቱ ወደ ባለቤቱ ይዛወራል፤ 214 እንዳለ ይቀጥላል።

ቀን ካልኩ አይቀር፣ የፕሮግራሙ የቀን ዓምድ የሚያውቀው የፈረንጅ ቀን ብቻ ነው። ጥቅምት 30 በቁጥር 30/2 ነው፤ የፈረንጅ ሁለተኛ ወር 30 የለውም። ጳጉሜን 3 ብላችሁ 3/13 ብትጽፉ ማርች 13 ነው ብሎ ዝም ብሎ ይቀበላል። ቀን፣ ወር፣ ዓመት በሦስት የቁጥር ዓምድ ተለያይተው ይያዙ።

መብራት ስለሚጠፋም በየወሩ የእያንዳንዱ ቤት ገጽ ታትሞ በጸሐፊው እጅ ይቀመጥ፤ አሮጌው ባሕር መዝገብም አይጣል።

ለዚህ ሥራ ከእናንተ የምፈልገው አንድ ወረቀት ነው። በቤታችሁ ያለውን ሰው ሁሉ፣ አማትም ሆነ የምታሳድጉት ልጅ ሳይቀር፣ ስሙን ራሱ በሚጽፍበት ፊደል ጽፋችሁ በሚቀጥለው የመዋጮ ቀን አምጡልን። የአባልነት ቁጥራችሁን ከላይ መጻፍ አትርሱ።